የሚረጋውን ሽጪለት

ጋሼ ይማም ሞቱ። ወሬውን ያመጣልኝ የወግዲ መስመር ሹፌር ነው። ቁርሱን ሊበላ ገብቶ፣ ፓስቲውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ «እኒያ በዘይት መኪና ይነዱ የነበሩት ሽማግሌ ወግዲ እህታቸው ዘንድ አረፉ አሉ፤ ትላንት ቀበሯቸው» አለኝ። ሽማግሌ ማለቱ አናደደኝ። ስልሳ እንኳ አልሞላቸውም።

አላለቀስኩም። እንባዬስ መጥቶ ነበር። ግን ከመንገዱ ማዶ ደምሰው በረንዳው ላይ ተጎልቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበርና፣ በሱ ፊት እንባዬን አላፈስም ብዬ ዋጥኩት። ደምሰውን «እሱ» የምለው ስድ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውስ ከጋሼ ይማም ይበልጣል፤ ለሚገባው ሰው አንቱ ማለት አያቅተኝም። ለሱ ግን ምላሴ አይታዘዘኝም። እስክሞትም አይታዘዘኝ።

እኔ አስናቀች እባላለሁ። መካነ ሰላም ላይ፣ የደምሰው ማደያ ከነበረው ቦታ ፊት ለፊት፣ ፓስቲና ሳምቡሳ እየጠበስኩ ነው የኖርኩት። ስለ ራሴ ይሄ ይበቃል።

ጋሼ ይማም ባለ ፒክአፕ ነበሩ። እህል ይጭናሉ፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ይጭናሉ፣ ሙሽራም ይጭናሉ። ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ የሰው እጅ ከመጨበጣቸው በፊት መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ሁለት ጊዜ የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። ሞተር ሲታመም የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ምን አለዎት?» ብለው የሚጠይቋቸው ቀልደኞች ነበሩ። «ተበድያለሁ ይላል» ይሉ ነበር ሳይስቁ። እኔን «እታለም» ነው የሚሉኝ። ሚስታቸው ዘሃራ ጓደኛዬ ነበረች። ሳቋ ከገበያ ጫፍ የሚሰማ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራውን በአደባባይ የምትናገር ሴት። እኔ በጾም ቀን ከሥጋ ሳምቡሳ ርቄ ስቆም መጥበሻዬን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ናፍጣ ጠፍቷል። መኪናው ሁሉ ከማደያው በር እስከ አደባባዩ ተሰልፎ ይውላል። አንድ ጠዋት ዘሃራ ደም ፈሰሳትና አልቆም አለ። ሆስፒታል አደረሷት፤ የሚሰጣት ደም ስላልነበረ ቶሎ ደሴ ይውሰዷት ተባለ፤ አምቡላንሱም ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል። ጋሼ ይማም ፒክአፑ ላይ ፍራሽ አንጥፈው አስተኟትና መጀመሪያ ወደ ማደያው መጡ። መኪናው ውስጥ የነበረው ናፍጣ ከከተማ አያስወጣም። ሰልፈኛው ሁሉ ዘሃራን አይቶ መንገድ ለቀቀላቸው።

ደምሰው ወጣ። «ናፍጣ የለም» አለ።

«አንድ ጀሪካን ብቻ፣ ጋሽ ደምሰው። አንድ።»

«አንድ ብርጭቆ የለም ስልዎት! ቧንቧው ደርቋል።»

እኔ ከመጥበሻዬ አጠገብ ሆኜ የማደያው ጓሮ ይታየኛል። ሰማያዊ በርሜሎች በሳንቃ ላይ እየተንከባለሉ አይሱዙ ላይ ይወጡ ነበር። ማንኪያዬን ጥዬ ጮህኩ። «ያውና! ያ ምንድን ነው? ውሃ ነው?» አልኩ። ጋሼ ይማምም ዞረው አዩ። ደምሰው ፊቱን እንኳ አላዞረም። «እሱ የሰው አደራ ነው» ብሎ ገባ።

ዘሃራ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ ውሃ ጠየቀች። ውሃውን እኔ ነኝ ያጠጣኋት። ከንፈሯ ነጭ ነበር። በመጨረሻ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አዝኖ ከራሱ መኪና በጎማ ስቦ ቀዳላቸው። እስከዚያ ግን ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ሄዱ። አቀስታ ሳይደርሱ ዘሃራ አለፈች፤ በዚያው ፍራሽ ላይ ይዘዋት ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ደምሰው ለቅሶ መጣ። አንድ ጆንያ ስኳር አሸክሞ። ጋሼ ይማም ራሳቸው ተነሥተው ወንበር ሰጡት፣ ራሳቸው ውሃ አስታጠቡት። በኛ አገር ያጠፋ ሰው «አፉ በለኝ» ይላል፤ የተበደለውም አንጀቱ እየተቃጠለም ቢሆን «አፉ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ፈጣሪ ይሄዳል። ጋሼ ይማም ያችን አንዲት ቃል እየጠበቁ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙ። ደምሰው እጁን ጠረገና፣ «የአላህ ሥራ ነው፤ ጠንከር ይበሉ» አላቸው።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ውሃ ያፈሱለታል?» አልኳቸው።

«ሶብር ነው እታለም» አሉ።

ሶብር ማለት ትዕግሥት ነው። ሌላው ሰው ሲለው ያጽናናል። እሳቸው ሲሉት ግን ፊታቸው ላይ ኀዘን አልነበረም፤ ሥራ የያዘ ሰው ፊት ነበር።

ከአርባው በኋላ አንድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሙና፣ «ይሄን ያረጀ ዘይት የት ነው የምትደፊው?» አሉኝ።

«ሲጠቁር ቦዩ ውስጥ ነዋ።»

«ከዛሬ ጀምሮ አትድፊው። የዚያን ሰውዬ ናፍጣ ጠብታ ላልቀዳ ምያለሁ። መኪናዬ በዘይትሽ ይሄዳል።»

አበዱ ብዬ ነበር። አላበዱም። ዘይቱን በዘሃራ ሻሽ ነው የሚያጠሉት፤ ሦስት ጊዜ፣ ሻሹን እያጠቡ። ከዚያ የጋለ ቆርቆሮ ላይ አንድ ጠብታ ያንጠባጥባሉ። ከተንጫጫ ውሃ አለው፣ እስኪዘቅጥ እንደገና ያስቀምጡታል። ዝም ካለ ደህና ነው። መጀመሪያ ጊዜ ግን ጉድ ሆኑ። ዘይቱን ሞልተው አድረው ጠዋት ሲያስነሡ ሞተሩ እንቢ አለ። ፊልትሮውን ሲፈቱት ውስጡ ነጭ፣ ሞራ የመሰለ ነገር ግጥም ብሎበታል። እኛ ሴቶቹ ርካሹን ዘይት «የሚረጋው» ነው የምንለው፤ ብርድ ሲነካው ይጋገራል። ውዱ፣ ፈሳሹ ግን አይረጋም። ጋሼ ይማም ያን ቀን ያወቁትን አልረሱትም። ከእያንዳንዷ ጠባሽ የሚያመጡትን ዘይት በጠርሙስ በጠርሙስ አድርገው የግቢያቸው ካብ ላይ ያሳድሩና ጠዋት እየገለበጡ ያዩታል። የረጋውን ይመልሳሉ፣ ያልረጋውን ይወስዳሉ።

ከሞተሩ አጠገብ ትንሽ ጀሪካን አሰሩ። እሷ ውስጥ ከአቀስታ ያመጧት ናፍጣ አለች። በናፍጣ ያስነሣሉ፤ ሞተሩ ሲግል አንዲት ቧንቧ ያዞሩና ወደ ዘይቱ ያልፋሉ፤ ሊያቆሙ ሲሉ ደግሞ መልሰው ወደ ናፍጣው። ከዚያ ወዲህ መካነ ሰላም ውስጥ ፒክአፑ ባለፈበት ሁሉ ፓስቲ ፓስቲ ይሸታል። «ይማም ጠብሰው አለፉ» ይላል ሰዉ። በጾም ጊዜ አንድ ቄስ፣ «ይማም፣ ሰዓቱ ሳይደርስ በዚህ አትለፍ፣ ጾማችንን ታስፈታናለህ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ።

እሳቸው ግን ለቀልድ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት፣ የናፍጣው ሰልፍ ሲረዝም ጠብቀው፣ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ከሰልፉ ጎን ለጎን እየተንፏቀቁ በማደያው በር ያልፋሉ። ወደ ደምሰው አያዩም። ጭሱ ገብቶ ቢሮው ውስጥ ይቀመጣል። ስንቱ ሹፌር እያጨበጨበላቸው! ደምሰው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ለትራፊክ ከሰሳቸው፤ የሚያስቀጣ ነገር ጠፋ። ቀጥሎ ሽማግሌ ላከ። ጋሼ ይማም ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው አበሉና፣ «እሱ እግር የለውም? ራሱ ይምጣ» አሏቸው። ራሱ አልመጣም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስታ። ንጹሕ ደስታ። ጠዋት ስነሣ የሚያስነሣኝ የዚያ ሰውዬ ፊት ሲጠቁር ማየት ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ የደምሰው ዘበኛ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሱቄ መጣ።

«ያገለገለ ዘይትሽን እንገዛሻለን» አለኝ።

«ለምን? ደምሰው ፓስቲ ሊጠብስ ነው?»

«ለሳሙና ነው።»

ቆይ ነገ ና አልኩትና ጋሼ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ከመኪናው ሥር ተኝተው ነበር። ወጥተው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ጎማው ላይ ተቀመጡ።

«ሳሙና አይደለም» አሉ። «ናፍጣው ላይ ሊቀይጠው ነው። የኔን መኪና መሄድ ሲያይ ዘይት ሁሉ አንድ መስሎታል። ድሮም ሚስቱ ጓዳ ገብቶ አያውቅም፤ የሚረጋና የማይረጋ ዘይት መኖሩን አያውቅም።»

«ታዲያ ልከልክለው?»

«የለም። ሽጪለት።» ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «የሚረጋውን ሽጪለት፣ እታለም። ሁሉንም። የማይረጋውን ለኔ አስቀሪልኝ።»

«አሁን እኮ ይሞቃል፤ ምንም አይሆንም።»

«ታኅሣሥ ይመጣል» አሉ። «ሶብር።»

ለሚመለከተው መናገር ነበረብን የሚል ይኖራል። ዛሬ ቁጭ ብሎ መናገር ቀላል ነው። ያን ቀን እኔ የታየኝ የዘሃራ ከንፈር ነበር። መሸጥ ብቻ አይደለም፣ ሌሎቹ ጠባሾች ዘንድ እየዞርኩ የሚረጋውን እኔው ሰበሰብኩለት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ዘበኛው ጀሪካኑን ተሸክሞ መንገዱን ሲሻገር ባየሁ ቁጥር ለዘሃራ ሻማ ያበራሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፤ መኪኖቹ ትንሽ እያጨሱ ይሄዳሉ። ጋሼ ይማም በየጠዋቱ ካቡ ላይ ጠርሙስ ያስቀምጣሉ፣ ያነሣሉ፤ አሁን የሚያዩት ለመኪናቸው አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። የተነሣ ሞተር የለም። እዚህም እዚያም ሞተሮች እህህ፣ እህህ ብለው ዝም ይላሉ። የወግዲው አውቶቡስ ተሳፋሪውን እንደጫነ ቆሟል። አይሱዙዎቹ በሙሉ ቆመዋል። አንድ መካኒክ የአንዱን ፊልትሮ ፈትቶ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ሞራ የመሰለው ነገር ግጥም ብሎበታል። ጣቱን ነክሮ አሸተተው። «ኧረ ይሄ ፓስቲ ፓስቲ ይላል!» ብሎ ሲጮህ ሹፌሩ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ማደያው ዞረ።

ደምሰው መጀመሪያ ሊሸሽ ነበር። የራሱ መኪና አልነሣ አለችው። ከመሪው ሥር ጎትተው ሲያወጡት፣ ነጭ ጋቢው ጭቃ ላይ ሲጎተት፣ «ይሄም የሰው አደራ ነው? ዛሬስ ቧንቧው አልደረቀም?» እያሉ ሲያፋጥጡት፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይሄን ስጽፍም ይጠጣል።

ጋሼ ይማም መጡና ደጃፌ ላይ ቆሙ። ዘሃራ ከሞተች ጀምሮ ከኔ ዘንድ አንድ ነገር ቀምሰው አያውቁም ነበር። «እስኪ አንድ ፓስቲ ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ፖሊስ ደምሰውን ከሹፌሮቹ እጅ ሲያስጥል እያዩ ቀስ ብለው አላመጡ። «ጣፍጧል» አሉ።

በዚህ መሐል አንዲት ነርስ ስልኳን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «የሚሠራ መኪና ያለው ሰው! በከላላ መንገድ ላይ አምቡላንሱ ቆሟል! ምጥ የያዛት ሴት ውስጡ አለች፣ ከንጋት ጀምሮ!»

ከሰዉ መሐል እኛ ሁለታችን ብቻ ተያየን። ስለ አይሱዙው አስበናል፣ ስለ አውቶቡሱ አስበናል፣ ደምሰው እንዴት እንደሚዋረድ በየቀኑ አስበናል። አምቡላንሱም ከዚያው ማደያ እንደሚቀዳ አንዳችንም አላሰብንም ነበር። ጋሼ ይማም የያዙትን ጣሉት። ነርሷን አስገብተው ፒክአፑን ሲያስነሡ የቁልፉን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ሳቱት።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሹፌሩ የአምቡላንሱን ነዳጅ ለማሟሟት ከሥሩ እሳት አንድዶ ሲታገል እንዳገኙት፣ ሴትየዋን እንደ ዘሃራ ፍራሽ ላይ አስተኝተው ሆስፒታል እንዳደረሷት ነገሩኝ።

«እናቲቱስ?» አልኩ።

«ተርፋለች።»

«ልጁስ?»

«ወንድ ነበር» አሉ። «ስሜን ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ስትወልድ በኔ ስም ልትጠራው» አሉ።

ከተማው ግን ጀግና አደረጋቸው። በመንገድ ላይ እያቆመ ይስማቸዋል። ሹፌሮቹ አዋጥተው ጋቢ አለበሷቸው። አንድ ቀን እንኳ ሲለብሱት አላየሁም። ፒክአፑ ቆመ፤ ዘይት ሊወስዱም አልመጡም። እኔ ልጠይቃቸው ስሄድ «ደህና ነኝ፣ አብሽሪ» ብለው ከበር ይመልሱኛል። እኔም እውነቱን ልናገር፣ በሩ ስላልተከፈተልኝ ቅር አላለኝም።

ቅሬው ለደምሰው ጉዳይ ተጠራ። እዚህ ቅሬ የሌለው ሰው የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚጥለው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው ቅሬ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ እንደሞተ ነው፤ ቢታመም አይጠየቅ፣ ቢሞት አይቀበር ይባልበታል። እኔ ባል ስለሌለኝ በራሴ ስም ነው የተመዘገብኩት፤ ስለዚህ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ደምሰው በዋስ ተለቆ፣ አንገቱን ደፍቶ መሐል ላይ ቆሟል። የሟቹ ሕፃን አባትም ከከላላ መጥቶ ጥግ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ደምሰው ኋላ ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ ልኮ፣ እግር ስሞ ቅሬው መልሶታል። ያን ቀን ግን መውጣቱ የማይቀር ነበር፤ እኔም ይህን ለማየት አዲስ ነጠላዬን ለብሼ ነበር የሄድኩት።

የቅሬው ዳኛ፣ «ከመፍረዳችን በፊት የሚናገር አለ?» አሉ።

ጋሼ ይማም ተነሡ።

«እኔ አለሁ» አሉ። ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ሕፃኑ አባት ዞሩ። «ይሄ ሰው ዘይት እንደሚቀይጥ ከመስከረም ጀምሮ አውቅ ነበር። ሲበርድ እንደሚረጋም አውቅ ነበር። ብናገር ኖሮ በማግስቱ ይቆም ነበር። እንዲዋረድልኝ ብዬ ብርዱን ጠበቅሁ። ልጅህን እሱ ብቻ አይደለም የገደለው።»

አባትየው ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ዳኛው ጢማቸውን አሹ።

«ይማም፣ ብቻህን ነው ያወቅኸው?» አሉ በመጨረሻ። «ዘይቱን የሸጡለት ሴቶች አሉ። ካንተ ጋር የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

ጋሼ ይማም በዚያ ሁሉ ዓመት ሲምሉ የሰማሁት አንድ ጊዜ፣ የደምሰውን ናፍጣ ላይቀዱ ብቻ ነበር። በሐሰት መማል እሳት ነው ብለው የሚፈሩ ሰው ነበሩ። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«ወላሂ የለም» አሉ። «ብቻዬን ነኝ።»

ዳኛው ዓይናቸውን ከሳቸው ላይ አንሥተው ሰዉን ቃኙ፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «አስናቀች፣ ለይማም ቅርቡ አንቺ ነሽ። ዘይትም ሸጠሻል። ታውቂ ነበር?»

ጋሼ ይማም ወደኔ አልዞሩም። አንድ ቃል፣ አዎ ብል ኖሮ፣ መሐላቸው ይፈርስ ነበር፤ ያን ለራሴ እየነገርኩ ነው የኖርኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፈራሁ። የሚቀብረኝ አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ። «ለሳሙና ነው ብሎኝ ሸጥኩለት።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሁለቱም አጥፍተዋል» አሉ። «ደምሰውም ይማምም ይውጡ የሚል እጁን ያውጣ።»

እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ጎኔ ያለችው ሴትዮ አነሣች፣ ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ አነሡ። ዳኛው እየቆጠሩ ወደኔ ሲደርሱ ጋሼ ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

እጄን አነሣሁ።